ያልተነሳው ዳቦ

ሳሙና በር መውረጃው፣ ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ፣
ቀዩን ጥብጣብ አየሁት ሲወጠር፣ ሲረግብ።
ሁለት ካሜራ በአንገቴ፣ ሦስት ባትሪ በኪሴ፣
ቁርስ ለመብላት እንኳ ፋታ ሳልሰጥ ለራሴ።

«ዋጋህን አልከራከርም» አለችኝ ወይዘሮ ትርንጎ፣
«ሰው መጀመሪያ በዓይኑ ይበላል፣ አፉን ወደ ኋላ አድርጎ።
እንፋሎቱ ይታይልኝ፤ ዳቦ እንፋሎት ከሌለው
ሚዜ እንዳጣ ሙሽራ ነው፤ ማን ሰርገኛ ሊለው ነው?»

እሺ አልኩ። በዚህ እንጀራ ስንቱን እሺ ብያለሁ፤
የተጣሉ ሸሪኮችን አስተቃቅፌ አንስቻለሁ፤
ሲሚንቶው ያልደረቀ ሆቴል ላነሳ አዞዞ ዘልቄ፣
የጠጣውን ጫማዬን ሌሊቱን አደርኩ ፍቄ።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሲያበቃ፣
መብራት ሄደ።
ምድጃው አንዴ ተንፍሶ ዝም አለ፣ ክሱ እንደተዘጋበት ጠበቃ።
ጋጋሪው ሙጬ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ፤
«ተናግሬ ነበር፣ ጄኔሬተር» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ደጋገመ።

እንግዳው ደጁን ሞልቷል፤ ወንበር ከዕድር መጥቷል፤
ድንኳኑ ተተክሏል፤ ኃላፊው «መንገድ ላይ ነኝ» ብሏል።
ቢሮው ፒያሳ ጥግ ነው፤ ከዚህ ቢጠሩት ይሰማል፤
ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ነበር፤ መንገድም እንዲህ ይረዝማል።

ትርንጎ እህቷን ጠራች፦ «ብርቄ፣ ነጠላሽን ጣል አርጊ፣
ከላይኛው ዳቦ ቤት ሂጂ፣ ትኩስ ትኩሱን ፈልጊ፤
ስድሳ፤ ሰባም ቢሆን ግዢ፤ ማነሽ ቢሉሽ ዝም በይ።
አንተም» አለችኝ ዞራ፣ «ይህችን እንኳ እንዳታይ።»

እኔ ለማየት የተቀጠርኩ፣ ላለማየት ተከፈለኝ፤
ያልቆሸሸ ሌንስ ስወለውል፣ ረዳቴ ስጦታው ሳቀብኝ።

ዳቦው መጣ፣ በፌስታል። በቅርጫት ተደረደረ።
እንፋሎት? ስጦታው የፈላ ውሃ በፔርሙዝ ይዞ ነበረ፤
ከቅርጫቱ ጀርባ ደፋን፤ ጉሙም ተነሳ፣ ፎቶው፤
ከአሥር ዓመት ሥራዬ ሁሉ፣ ያማረው ውሸቴ እሱ ነው።

ኃላፊው መጣ። መቀሱ ደነዘ። ጥብጣቡ ላላ።
«ይቅርታ፣ ጌታዬ» አልኩት፣ «አልያዝኩትም፤ ይቆረጥ ሌላ።»
ሦስት ጊዜ ቋጠርነው፤ ሦስት ጊዜ ተመረቀ፤
በሦስተኛው ላይ ነው እውነት የመሰለ ሳቅ የሳቀ።

ሽማግሌው መረቋት፣ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ሰማይ፦
«ገበያሽ እንደ ቀሃ ክረምት ይሙላ፤ በጋውን ግን አያሳይ።»

እንግዳው በላ፣ አደነቀ፤ «እጅህ ይባረክ» አለው ሙጬን።
አንገቱን ደፋ። ያንን አነሳሁት፣ መሬት ላይ አንጥፌ ጉልበቴን፤
ማንም ያላዘዘኝ፣ ለደንበኛ የማይሰጥ ፎቶ፦
ባልጋገረው ዳቦ ያፈረ ሰው፣ ምርቃቱን ቆሞ ሰምቶ።

ማታ አንድ ሰዓት ሲል፣ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ወንበሩ ሲቆጠር
(ሁለት ጎድሎ ነበር፤ እሱ ሌላ ነገር)
መብራት መጣ።
ማንም አላጨበጨበም። ሙጬ ብቻ ብድግ አለ፣ ተነሳ፤
ሊጡ ኮምጠጥ ብሏል፤ አሸው፣ ደበደበው፣ እንደ አዲስ አስነሳ።

ካሜራዬን ከትቼ፣ የቦርሳውን ዚፕ ዘግቼ ነበር፣
የመጀመሪያው ሲወጣ፦ የተጣመመ፣ ያረረ በአንድ ዳር።
እንፋሎቱም፣ ያ ቀኑን ሙሉ የተለመነ፣
ሳይጠሩት መጣ፤ መነጽሬን ሸፈነ።

ትርንጎ ቆረሰችው፤ ለሙጬ፣ ለብርቄ፣ ለስጦታው፣ ለእኔ።
«አታነሳም ወይ?» አለኝ ልጁ፣ በክርኑ ነክቶኝ ከጎኔ።
ሁለቱም እጄ ተይዟል።
አፌም።

በሳምንቱ አልበሙን ወሰድኩላት፤ መቶ አርባ ፎቶ ነው።
ገለጠች፤ ገለጠች፤ መጨረሻውን ደግማ ገለጠችው።
«ያኛውስ?» አለች።
የትኛው ብዬ አልጠየቅኳትም።
ሂሳቤን ቆጥራ ሰጠችኝ፤ በላዩም አንድ ዳቦ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ፤
«ይቺ ቀጥ ብላለች» አለች፣ «ሙጬ ምድጃውን ለመደው። ሂድ፣ ብላ።»